200,000 ማይል የሄደ ሌክሰስ ጂኤክስ 470 እንዴት ይገዛል፣ ከተገዛ በኋላስ እንዴት ይያዛል

በዚህ ዓመት ብቻ ከዘመድም ከጓደኛም ሶስት ሰው ጂኤክስ 470 ገዝቶ ሁለት ወር ሳይሞላው ደውሎልኛል። የአንዱ ሻንሲው በስብሶ ነው፣ የአንዱ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ላይ ያለው ስም የሻጩ አልሆነም፣ አንዷ ደግሞ ታይሚንግ ቤልቱ (የሞተሩን ቫልቭና ፒስተን እንቅስቃሴ የሚያስተባብረው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ሳትጠይቅ ገዝታ ሀይዌይ ላይ ሞተሩ ቀጥ ብሎባታል። መኪናው ጠንካራ ነው፣ እኔም የምነዳው እሱኑ ነው፣ ግን ሶስቱም ሲገዙ ያዩት የቆዳ ወንበሩንና ቀለሙን ነው እንጂ ስሩ ማንም አልተኛም። የወረቀቱን ክፍል የጻፍኩት ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላለነው ነው፣ ሌላ ስቴት ያላችሁ በራሳችሁ ዲኤምቪ (የመኪና መመዝገቢያ ቢሮ) አረጋግጡ፣ የመኪናው ነገር ግን የትም አንድ ነው። ቅደም ተከተሉን አደራ አታዛቡት፣ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ደረጃ 7 ላይ ያለውን ክፍያ ከደረጃ 4 በፊት ሲያደርገው ነው።

ደረጃ 1፦ ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉት

ያላችሁን ብር በሙሉ መኪናው ላይ አትጨርሱ። 12,000 ዶላር ካላችሁ 9,000 የሚሆን ፈልጉና 3,000ውን አትንኩት። ያ 3,000 በመጀመሪያው ወር ለቤልት፣ ለራዲያተር፣ ለጎማ ምናምን ይወጣል፣ ከተረፈ ደስ ይበላችሁ።

የጋዙንም ሂሳብ አሁኑኑ ስሩት። ከተማና ሀይዌይ ተደባልቆ በጋሎን 15 ማይል አካባቢ ነው የሚሄደው፣ በዓመት 12,000 ማይል ከነዳችሁ 800 ጋሎን ማለት ነው፣ በሰፈራችሁ ዋጋ አባዙት። ቁጥሩ ከከበዳችሁ እዚሁ አቁሙ፣ ምንም ነውር የለውም።

ለኡበር ብላችሁ አትግዙት፣ የዕድሜ ገደቡ አያሳልፈውም ጋዙም አያዋጣም። "ትንሽ ነድቼው ወደ ሀገር ቤት እልከዋለሁ" የምትሉም ተዉት፣ ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሰራ መኪና እንዳይገባ ከልክላለች።

ደረጃ 2፦ ከቤት ሳትወጡ የምታጣሩት

ጂኤክስ 470 ከ2003 እስከ 2009 ሞዴል ነው፣ ሁሉም 4.7 ሊትር ቪ8 ሞተርና 5 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ አላቸው። ከ2005 ጀምሮ ያለው ሞተር ቪቪቲ-አይ (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክል ሲስተም) አለው፣ ጉልበቱ ይበልጣል፣ ግን ከሱ ጋር ሴከንደሪ ኤር ፓምፕ የሚባል፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ጭሱን ለመቀነስ አየር የሚገፋ ነገር መጥቷል፣ ሲበላሽ ኪስ ይጎዳል። የ2003ና 2004ቱ ያ ፓምፕ ስለሌለው እኔ ንጹህ ካገኘሁ እሱን እመርጣለሁ።

ለሻጩ ስትደውሉ በዚህ ተራ ጠይቁ፦

1. ቪን ቁጥሩን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) ላክልኝ በሉት። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፣ አስረኛው ላይ ያለው ቁጥር ሞዴሉን ይነግራችኋል፣ 3 ከሆነ 2003፣ 9 ከሆነ 2009። ቪን አልሰጥም ካለ ስልኩን ዝጉ።

2. ታይትሉ በማን ስም ነው? "የአክስቴ ነው"፣ "የጓደኛዬ ነው እሱ ሀገር ቤት ሄዷል" ካለ ተዉት። ሌላ ሰው ፈርሞ የሰጠውን ታይትል በራሱ ስም ሳያዞር የሚሸጥ ሰው ችግሩን ለናንተ ነው የሚያስረክባችሁ፣ ዲኤምቪ ስትሄዱ ይመልሷችኋል።

3. ታይሚንግ ቤልቱ መቼ ተቀየረ፣ ደረሰኝ አለ? "ተቀይሯል" ማለት ብቻውን ምንም አይደለም። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ያዙት።

4. መኪናው የት የት ስቴት ኖሯል? ካርፋክስ (የመኪናውን የኋላ ታሪክ የሚያሳይ ሪፖርት) አውጡና አወዳድሩ። ኒውዮርክ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ኦሃዮ፣ ሚሺጋን፣ ማሳቹሴትስ ብዙ ክረምት ያሳለፈ ከሆነ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ሻንሲውን በልቶታል ብላችሁ ጠብቁ። ጆርጂያ፣ አሪዞና፣ ቴክሳስ የኖረ ይሻላል፣ ግን ከቴክሳስ፣ ከሉዊዚያናና ከፍሎሪዳ የመጣውን ደግሞ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን ፈትሹ።

ማይሉን በተመለከተ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። 2010 እና ከዛ በታች ያለ ሞዴል ሲሸጥ ማይሉን በታይትል ላይ የማሳወቅ የፌደራል ግዴታው ቀርቷል፣ ስለዚ የሁሉም ጂኤክስ 470 ወረቀት ላይ ማይል ላይጻፍ ይችላል። ማይሉን የምታረጋግጡት በካርፋክስ ተከታታይ መዝገብና በጥገና ደረሰኝ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር ከድሮ ደረሰኝ ካነሰ ወይም መሃል ላይ አምስት ስድስት ዓመት ባዶ ከሆነ ሌላ መኪና ፈልጉ።

እኔ ደረሰኝ ያለው 240,000 ማይል ደረሰኝ ከሌለው 150,000 ማይል እመርጣለሁ፣ ያለማመንታት።

ደረጃ 3፦ በጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ያግኛችሁ

ከመሄዳችሁ በፊት በማታው ለሻጩ "ሳልደርስ እንዳታስነሳው" ብላችሁ ንገሩት። ይዛችሁ የምትሄዱት፦ የእጅ ባትሪ፣ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ካርቶን፣ እና ስልክ ላይ የሚሰራ የ20 ዶላር ኦቢዲ ስካነር (የመኪናውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ ዕቃ)። በጨለማና በዝናብ መኪና አትዩ፣ እርጥብ ቀለም ሁሉም ያምራል።

ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ትኩስ ከሆነ ሻጩ የሚደብቀው የጠዋት ድምጽ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። አትጣሉ፣ "ነገ ጠዋት እመለሳለሁ" በሉና ሂዱ። ነገም ትኩስ ካገኛችሁት አትመለሱ።

ደረጃ 4፦ ስሩ ተኙ

ይሄን ክፍል ማንም እንዳይዘለው፣ እኔ የመጀመሪያውን የገዛሁት ከሰሜን ከአንድ መሸጫ ነው፣ ስሩ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቅ ነበር፣ ተንከባክበውት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቤት ካመጣሁት በኋላ መካኒኩ አንስቶ ካቻቪቴውን ከኋላ ጎማ አጠገብ ሻንሲው ላይ ሲገፋው እስከ እጀታው ገባ። ጥቁሩ ዝገት ላይ የተረጨ ቀለም ነበር። ያንን መኪና መጠገን አይቻልም፣ ሄደ በቃ።

1. ካርቶኑን አንጥፉና ከኋላ ጀምሩ። ክሪክ ብቻ ያነሳው መኪና ስር በፍጹም እንዳትገቡ፣ ጂኤክስ ከፍ ያለ ስለሆነ ሳይነሳም ይታያል።

2. ሻንሲውን ከኋላ ጎማዎች በላይና በፊት፣ ትርፍ ጎማው የተሰቀለበት አካባቢ፣ የአክስሉ ክንዶች የታሰሩበትን ቦታ በካቻቪቴው እጀታ ምቱት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምጽ ነው የሚሰጠው። ደፈን ያለ ድምጽ ከሰማችሁ ወይም ቅርፊት ከረገፈ በጫፉ ገፋ አድርጉት።

3. ላዩ ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ዝገት ችግር የለውም፣ የ20 ዓመት መኪና ነው። በንብርብር እየተላጠ የሚወርድ ወይም ቀዳዳ ያለው ግን ዋጋ የሚያስቀንስ አይደለም፣ ጥሎ የሚያስኬድ ነው። "በዌልዲንግ ይሰራል" ቢሏችሁም ሂዱ።

4. አዲስ ጥቁር ቀለም ካያችሁ "መቼ ተቀባ፣ ከመቀባቱ በፊት ፎቶ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። የለም ካለ እንደበሰበሰ ቁጠሩት።

5. የፍሬን ቱቦዎቹን ከፊት እስከ ኋላ በዓይን ተከተሉ። የፊት ጎማ አላይመንት የሚስተካከልባቸውን ብሎኖችም እዩ፣ እነሱ ዝገው ከተጣበቁ አላይመንት አይሰራም፣ ቆርጦ ማውጣት ነው፣ ጎማ ደግሞ በአንድ ጎን እየበላ ይጨርሳል።

6. ካታሊቲክ ኮንቨርተሮቹ (ከጭስ ቱቦው ላይ ያሉት ጭሱን የሚያጣሩት) መኖራቸውን አረጋግጡ። ከመሬት ከፍ ስለሚል ለሌባ ይመቻል፣ ተሰርቆ በርካሽ ዕቃ የተተካ ኢሚሽን (የጭስ ምርመራ) ላይ ይጥላችኋል።

ለጎርፍ ደግሞ የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትታችሁ አውጡት፣ ጭቃ የያዘ መስመር ካለ ውሃ ገብቶበታል። ምንጣፉን አንስታችሁ የወንበሩን ብሎኖች እዩ።

ደረጃ 5፦ ኮፈን ክፈቱ፣ ከዛ አስነሱ

ራዲያተሩ ላይ ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ እዩ፣ ሮዝ የደረቀ ቅርፊት ካለ ያፈሳል። የዘይት ክዳኑን ክፈቱ፣ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል፣ በቃ ሂዱ። የታይሚንግ ቤልት ሽፋን ላይ ወይም ኮፈኑ ስር ቀንና ማይል የተጻፈበት ስቲከር ፈልጉ፣ ጥሩ ጋራዥ ብዙ ጊዜ ይለጥፋል።

አሁን ቁልፉን ሳታስነሱ አንድ ብቻ አዙሩት። የቼክ ኢንጅን መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉን አውጥተውታል። ከዛ አስነሱና ስሙ፦

ጠዋት ላይ ቲክ ቲክ ቲክ ብሎ ሲሞቅ ከጠፋ የጭስ ማኒፎልዱ ተሰንጥቋል። በዚህ ሞተር የተለመደ ነው፣ አይገድልም ግን ለመስራት ውድ ስለሆነ ዋጋ አስቀንሱበት።

ስታስነሱት ዝም ብሎ ጥቅ ብቻ ካለ ሞተሪኖው ነው። ሞተሪኖው ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ስር ነው ያለው፣ ዕቃው ርካሽ ቢሆንም እጁ ብዙ ሰዓት ይፈጃል።

ስካነሩን ከመሪው በታች ሰኩት። ኮድ አለመኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ሬዲነስ ሞኒተር (መኪናው ራሱን ፈትሾ መጨረሱን የሚያሳየው) የሚለውን ክፈቱ። ከአንድ በላይ "አልተጠናቀቀም" ካለ ትላንት ኮድ አጥፍተውለታል ማለት ነው፣ ወይም ባትሪ ተነቅሏል። ሻጩ ሳምንት ነድቶት ከዛ እንድታዩት ጠይቁ። በዚ ሁኔታ ገዝታችሁ ኢሚሽን ብትሄዱም አያሳልፏችሁም።

የመኪናው ኋላ በሱስታ ሳይሆን በአየር ከረጢት የሚነሳ ነው። ሞተሩ እየሰራ ማብሪያውን ወደ ሀይ አድርጉ፣ የኋላው ቀስ ብሎ መነሳት አለበት። ካልተነሳ የአየር ከረጢቱ ወይም ኮምፕረሰሩ ሞቷል። ይሄ መኪናውን ለመተው ምክንያት አይደለም፣ ብዙ ሰው አውጥቶ ተራ ሱስታ ያስገባበታል፣ እኔም ያደረግኩት ያንን ነው፣ ብቻ ዋጋው ላይ ይታሰብላችሁ።

ደረጃ 6፦ ንዱት፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ

ሀይዌይ ውጡ። ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር መምታት የለበትም። ቆማችሁ ስትነሱ ከስር ዱብ የሚል ነገር ከሰማችሁ ብዙ ጊዜ ድራይቭ ሻፍቱ ግሪስ ጠምቶት ነው፣ እሱ ቀላል ነው። ፍሬን ስትይዙ የሚጮኸው የፍሬን ፓምፕ ትንሽ ሰርቶ ዝም ማለት አለበት፣ ፔዳሉን ሳትነኩ ደጋግሞ የሚነሳ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ ያ ዕቃ ውድ ነው።

ባለአራቱን (አራቱም ጎማ የሚነዳበትን ሲስተም) መፈተን እንዳትረሱ። ቁሙ፣ ፍሬን ያዙ፣ ካምቢዮውን ኒውትራል አድርጉና ትንሹን የማርሽ ዘንግ ወደ ኤል (ሎው፣ ለከባድ መንገድ የሚሆነው) ሳቡት። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ብሎ መቆም አለበት፣ ጥቂት ሜትር ወደፊት መሄድ ሊፈልግ ይችላል። የመሃል ዲፈረንሻል መቆለፊያውንም (የፊቱና የኋላው አክስል እኩል እንዲዞር የሚያደርገውን) ተጫኑ። ቆልፋችሁ ግን ደረቅ አስፋልት ላይ አትታጠፉ፣ ይሰብራል። ከገባ በኋላ አልወጣም ካለ ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ አንቀሳቅሱት፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ጭራሽ ካልገባ ለዓመታት ሳይነካ የመቆለፊያው ትንሽ ሞተር ደርቋል።

ደረጃ 7፦ መካኒክ፣ ወረቀት፣ ክፍያ

እስከዚህ ካለፈ የራሳችሁ መካኒክ ጋር ውሰዱት፣ ሻጩ ያመጣው መካኒክ አይሆንም። ከ150 እስከ 250 ዶላር ብትከፍሉ ነው፣ አንድ ስህተት ብቻ ቢያድን ተመልሶላችኋል። ሻጩ አላስፈትሽም ካለ ንግግሩ አልቋል። ሀበሻ ስለሆነ፣ ደብር ስለምንገናኝ ብላችሁ አትዝለሉት፣ ዝምድናውም የሚበላሸው በኋላ ነው።

መካኒኩ ያገኘውን በወረቀት አስጽፉና በሱ ተደራደሩ። "ቀንስልኝ" ከማለት "ቤልቱ ይሄን ያህል፣ ራዲያተሩ ይሄን ያህል" ማለት ይሻላል፣ ሰውየውም መልስ የለውም።

ክፍያውን ባንክ ውስጥ አድርጉት። ታይትሉ ላይ ያለውን ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር፣ ታይትሉ ላይ ያለውን ቪን ከመስታወቱ ስር ካለውና ከሾፌሩ በር ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ባለእዳ ባንክ ከተጻፈበት የእዳ መልቀቂያ ወረቀት ሳይሰጣችሁ አትክፈሉ። ታይትል ላይ ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱን መስመር አንብቡ፣ የተሰረዘና የተደለዘ ታይትል ዲኤምቪ አይቀበልም። "ታይትሉን በፖስታ እልክልሃለሁ" ላለ ሰው ቀብድም አትስጡ።

ሜሪላንድ የምትመዘግቡ ከሆነ ያገለገለ መኪና ስቴቱ ፈቃድ በሰጠው ጋራዥ የሴፍቲ ኢንስፔክሽን ማለፍ አለበት፣ የምስክር ወረቀቱ ለ90 ቀን ነው የሚሰራው። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ሴፍቲ አለ። ኢንሹራንስ ሳታስገቡ ከግቢው አትውጡ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ወር

መኪናው ደህና ስለሆነ ይቆይ አትበሉ። ያ 3,000 ዶላር አሁን ነው የሚወጣው፣ በዚህ ተራ፦

1. ታይሚንግ ቤልት። በየ90,000 ማይሉ ነው የሚቀየረው፣ ማይሉ ባይደርስም ጎማ ስለሆነ በዕድሜ ይደርቃል። ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩ አለቀ። ቤልቱን ብቻ አታስቀይሩ፣ ወተር ፓምፑን፣ ቴንሽነሩንና ሮለሮቹን አብረው፣ እጁ አንድ ስለሆነ። አይሲን የሚባለው ብራንድ ሙሉ ኪት አለው። ደረሰኝ ከሌለው መኪና ጋር ረጅም መንገድ አትውጡ፣ ከሻጩ ቤት ቀጥታ ጋራዥ።

2. ራዲያተር። ኦሪጅናሉ ከሆነ ባያፈስም ቀይሩት። ውስጡ የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዝበት ክፍል አለ፣ ያ ሲሰነጠቅ ውሃ ካምቢዮ ውስጥ ገብቶ ዘይቱ እንደ እንጆሪ ጁስ ሮዝ ይሆናል፣ ያኔ የምትቀይሩት ካምቢዮ ነው። ዴንሶ የሚባለውን ብራንድ አስገቡ። ውሃውን በቶዮታ ሮዝ ኩላንት ሙሉ፣ አረንጓዴ አትቀላቅሉ።

3. የዲፈረንሻልና የትራንስፈር ኬዝ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው) ዘይት። ራሳችሁ የምትሰሩ ከሆነ የመሙያውን ብሎን መጀመሪያ ፍቱ። ማፍሰሻውን ከፈታችሁ በኋላ መሙያው እምቢ ቢል መኪናው እዛው ቆመ ማለት ነው።

4. የካምቢዮ ዘይት። አፍስሶ መሙላት ብቻ፣ በማሽን ፍላሽ አታስደርጉ። ይሄ ካምቢዮ የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም፣ ልኩ የሚታየው ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ ሲሆን ነው፣ የሚያውቅ ሰው ይስራው።

5. ድራይቭ ሻፍት ግሪስ። በየሞተር ዘይት ቅያሪው አስደግሙት። ተንሸራታቹን ክፍል ግን ከልክ በላይ አትሙሉት፣ መጭመቅ ይጀምራል።

ደረጃ 9፦ መንገድ ላይ ሲበላሽ

ቼክ ኢንጅን ከቪኤስሲ (የመንሸራተት መከላከያ) መብራቶች ጋር አንድ ላይ ከበራ አትደንግጡ፣ ይሄ መኪና አንዱ ሲበራ ሌላውንም ያበራል። የጋዝ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ስካነሩን ሰኩ። ክዳኑ ከሆነ መብራቱ ጥቂት ቀን ከነዳችሁ በኋላ ይጠፋል። ቼክ ኢንጅኑ ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ ግን ጋዝ ቀንሱና ዳር ያዙ፣ አንዱ ሲሊንደር አይነድም ማለት ነው፣ ካታሊቲኩን ያቃጥለዋል።

የሙቀቱ መርፌ ከመሃል ካለፈ ኤሲ አጥፉ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ የሚቆምበት ቦታ ፈልጉ፣ ሞተሩን አጥፉ። "ኤግዚቱ ቅርብ ነው" ብላችሁ አትቀጥሉ፣ ቴስታታ የሚጣመመው በዛች አምስት ደቂቃ ነው። የራዲያተር ክዳን ትኩስ እያለ አትክፈቱ። ቶው አስጠሩ፣ ስለዚ ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ የመንገድ እርዳታ ይኑራችሁ።

የኋላው ጠዋት ጠዋት ተቀምጦ ካገኛችሁት የአየር ከረጢቱ ያፈሳል። ኮምፕረሰሩ ሳይቃጠል ሲስተሙን በማብሪያው አጥፉት፣ ዕቃ ሳትጭኑ ቀስ ብላችሁ ጋራዥ ውሰዱት።

በወር አንድ ቀን ጠጠር ወይም ሳር ላይ ባለአራቱን ኤል ውስጥ አስገብታችሁ መቶ ሜትር ንዱት፣ የመሃሉን መቆለፊያም አስገቡና አውጡ። ካልተነካ የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ ቀን ነው እምቢ የሚላችሁ። ክረምት ሲያልቅ ደግሞ ስሩን በውሃ እጠቡት፣ ደርቆ ሲያድር የሻንሲ ቅባት አስቀቡት፣ የቀባችሁበትን ቀንና ማይል ከደረሰኞቹ ጋር ዳሽቦርድ ሳጥኑ ውስጥ ጻፉና አስቀምጡ።